የመምህርነት ምስክር ወረቀት ከወዴት እንያዝ?

አበው ስለ ምርጫ ሲናገሩ ሁለት ምሳሌዎችን ትተውልናል። አንደኛው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚል ነው። ባላ ማለት ጫፉ በሁለት የተከፈለ፣ ሌላውን እንጨት ደግፎ የሚይዝ ምሰሶ ነው። ሁለተኛው ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። የፊተኛው ሰው መጠባበቂያ እንዲኖረው ይመክራል፤ የኋለኛው አንዱን መርጦ እንዲይዝ ያዝዛል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚሠራ ምሳሌው ራሱ አይነግረንም። እኛም በሰው አገር በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን የመምህርነት ምስክር ወረቀት ለመያዝ ባሰብን ጊዜ፣ በነዚህ በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል አንድ ዓመት ሙሉ ስንዋልል ኖርን። የደረሰብንንና የተማርነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ብናካፍል፣ ተመሳሳይ ምርጫ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ይጠቅማል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው። የምንኖርበት ጠረፍ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ያለበት ስለ ሆነ፣ ይህን አስቀድሞ መናገር ልማድ ሆኖብናል።

የምናስተምርበት ስፍራ ጎልቦ ይባላል። ጎልቦ በኬንያ አገር፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ ውስጥ ያለ ቀበሌ ነው። ሞያሌ አንድ ስም ያላት ሁለት ከተማ ናት፤ አንደኛዋ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ በኬንያ ትቆማለች። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ለሁለቱም ዋና ከተሞች የመጨረሻዋ ጫፍ ናት። በገበያዋ ብርም ሺሊንግም ይሠራል፤ ቦረንኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ መደብ ላይ ይሰማሉ። ተማሪዎቻችን በስዋሂሊ «ምዋሊሙ» ይሉናል። ወላጆቻቸው በቦረንኛ «ባርሲሳ» እያሉ ይጠሩናል። ድንበሩን ተሻግረው የሚመጡ የአገራችን ሰዎች ደግሞ «መምህር» ይሉናል። ይህም ቃል «መሀረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው አስተማረ ማለት ነው። አማርኛችን «ተማረ» እና «አስተማረ» የሚሉትን ሁለት ግሦች ከዚያው ከአንዱ ሥር ያወጣቸዋል። እንግዲህ ሦስት የመምህርነት ስም ነበረን፤ የመምህርነት ወረቀት ግን አንድም አልነበረንም።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በአጭሩ እናስረዳለን። ዲግሪያችንን የያዝነው በኢትዮጵያ በሒሳብ ትምህርት ነው። በ2011 በአገራችን በተጀመረው ሥርዓት መሠረት፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆን ሰው አስቀድሞ በትምህርቱ ዓይነት ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያም በኋላ የማስተማርን ጥበብ ለብቻው ተምሮ ፒጂዲቲ የተባለውን የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ይቀበላል። እኛ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈጽመን ሁለተኛውን ሳንጀምር፣ በ2019 የሥራ ፈቃድ አውጥተን በጎልቦ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠርን። ሒሳብ እስካወቅን ድረስ ማስተማሩ በራሱ ይመጣል የሚል እምነት ነበረን።

ይህን እምነታችንን ያፈረሰችው አንዲት ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቷ ጋር በገበያ ተቀምጣ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከእርሷ ወተት ልንገዛ ቆመን ሳለን፣ ከፊታችን የነበረ ሰው ከፊሉን በብር፣ ከፊሉን በሺሊንግ ከፈላት። እርሷም የዕለቱን ምንዛሪ በልቧ አስልታ መልሱን በሁለቱም ገንዘብ ለያይታ ሰጠችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዐይኗን ከጀሪካኑ ላይ አላነሣችም። ሰኞ ዕለት በክፍል ውስጥ ስለ ንጥጥርና ስለ ወደር፣ ማለትም ሁለት ቁጥሮችን ስለ ማነጻጸር ያስተማርነውን ፈተና ሰጠን። ያች ልጅ ከዐሥር ሁለት አገኘች። ወረቀቱን ስንመልስላት አንገቷን ደፍታ፣ ሒሳብ የማይገባት ሰው መሆኗን ነገረችን። እኛም የምንመልስላት ቃል አጣን። በገበያ የምታውቀውን በክፍል እንዳታውቀው ያደረግናት እኛው ነን፤ ግን በምን አኳኋን እንዳደረግነው ለይተን መናገር አልቻልንም። ስለዚህም መማር የሚገባን ነገር እንዳለ ያን ዕለት ተረዳን።

በዚሁ ሐሳብ ላይ ሳለን ርእሰ መምህራችን ወደ ቢሮው ጠራን። በኬንያ የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። የተቋቋመው በ1967 ሲሆን፣ በ2012 በወጣው አዋጅ መሠረት በመንግሥትም ሆነ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ሁሉ በርሱ መዝገብ ላይ መስፈር ይገባዋል። ርእሰ መምህሩ የምዝገባ ቁጥር የሌለውን መምህር ከእንግዲህ ማቆየት እንደማይችል በትሕትና ነገረን፤ ትምህርት ስንጀምርም ጥቂት ጊዜ እንደሚታገሠን ቃል ገባልን።

ሰው ሲቸኩል ይሳሳታል። እኛም የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራነው በዚያው ሳምንት ነው። ስሙን ከማንጠቅሰው ከአንድ የርቀት ትምህርት ሰጪ ድርጅት ጋር ተዋውለን፣ የሁለት ወር ደመወዛችንን ከፍለን በስድስት ሳምንት ውስጥ «ዓለም አቀፍ የመምህርነት ሰርተፊኬት» ተቀበልን። ወረቀቱ ወፍራም፣ ማኅተሙም ወርቃማ ነበር። ለምዝገባ ይዘነው በቀረብን ጊዜ ግን ከየትኛውም እውቅና ካለው ዩኒቨርሲቲ የወጣ ስላልሆነ ሊቈጠርልን እንደማይችል ተነገረን። ባለቤታችን ያን ገንዘብ ለቤታችን ቆርቆሮ ልትገዛበት አስባ ነበር። አንድም የወቀሳ ቃል ሳትናገር ሰርተፊኬቱን አጥፋ በልጃችን የክትባት ካርድ አጠገብ አኖረችው። ዝምታዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ከዚህ በኋላ ሳንጠይቅ አንድ ሺሊንግ እንኳ ላለመክፈል ወሰንን።

በጠየቅን ጊዜ ሦስት መንገዶች በፊታችን ተከፈቱ።

የመጀመሪያው የአገራችን መንገድ ነው። በኢትዮጵያ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ብዙውን ጊዜ በክረምት ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማራሉ። ለሞያሌ የሚቀርቡት በያቤሎ ያለው የቦረና ዩኒቨርሲቲና ከዚያ አልፎ ያለው የቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ክፍያውም ለአቅማችን የሚስማማ ይመስል ነበር። ነገር ግን እንቅፋት ተገኘ። በኬንያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በጃንዋሪ ሲሆን በሦስት ወቅት ይከፈላል፤ ሁለተኛው ወቅት የሚያበቃው በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ነው። የኢትዮጵያ የክረምት ትምህርት ግን በጁላይ ይጀመራል። እንግዲህ በዚያኛው ወገን መምህሩ ተማሪ ሆኖ ሲቀመጥ፣ በዚህኛው ወገን ተማሪዎቻችን መምህራቸውን ይጠብቃሉ። ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች በአንድ ሰው ላይ ተጋጩ።

ሁለተኛው መንገድ የኬንያ ነው። በዚያ አገር ዲግሪውን ከትምህርት ሙያ ውጭ የያዘ ሰው የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ፣ በእነርሱ አጠራር ፒጂዲኢ፣ ተምሮ ለምዝገባ ይቀርባል። ይህን ትምህርት ከሚሰጡት አንዱ የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ነው። በሥራ ላይ ያሉ መምህራን በኤፕሪል፣ በኦገስትና በዲሴምበር የዕረፍት ጊዜ ተሰብስበው የሚማሩባቸው ተቋሞች ስላሉ፣ ሥራን ሳይለቁ መማር ይቻላል። ሆኖም መስፈርቱ ጠበቅ ያለ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር አንድ ሳይሆን ሁለት የማስተማሪያ ትምህርቶች ሊኖሩት ይገባል፤ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናም አማካይ ውጤቱም ሆነ የሁለቱ ትምህርቶች ውጤት ከሲ ፕላስ በታች እንዳይሆን ይፈለጋል። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ደግሞ ማስረጃዎቹ አቻነታቸው ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው መንገድ ከሩቅ የመጣ ነው። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ፒጂሲኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት በውጭ አገር ለሚያስተምሩ ሰዎች በርቀት ይሰጣሉ። በብዙ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የታወቀና የተከበረ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ግን አለ። በእንግሊዝ አገር ሰርተፊኬቱና የመምህርነት ማዕረጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰርተፊኬቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስረጃ ነው፤ ማዕረጉ ግን ሰውየው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ብቁ መሆኑን የሚመሰክር ነው። በርቀት የሚሰጠው ሰርተፊኬት ብዙውን ጊዜ ይህን ማዕረግ አያስገኝም። የእንግሊዝ መንግሥት በውጭ አገር ሆነው ለሚሠለጥኑ ሰዎች ተመጣጣኝ የሆነ ማዕረግ የሚያስገኝ መንገድ የከፈተው በ2022 ነው። ዋጋው ግን ለአንድ የጎልቦ መምህር የሚቀመስ አልነበረም። ደግሞም በጎልቦ ለማስተማር የለንደንን በር ማንኳኳት ምን ያህል እንደሚጠቅመን አላወቅንም።

ሦስቱን መግለጫዎች ይዘን ወደ አባታችን ተሻገርን። አባታችን በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው በደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተምረው ወደ ቦረና ተልከው መጡ፤ በዚያው ቀርተው ዛሬ የሚኖሩት በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ነው። ከቤታችን እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ግን በመካከሉ የሁለት መንግሥት ድንበር አለ። የልባቸው ምኞት የአገራችንን ዲፕሎማ ይዘን በአቅራቢያቸው እንድንቀጠር ነበር።

«ልጄ፣ የሰው አገር ወረቀት ይዘህ ብትመለስ ማን ያውቅልሃል?» አሉን።

እኛም መግለጫዎቹን አንድ በአንድ አነበብንላቸው። ስለ ክፍያው፣ ስለ ዘመኑ ርዝመት፣ ስለ ማዕረጉ ዘርዝረን ስናስረዳ በጸጥታ አዳመጡን። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «በዚህኛው ስታስተምር መጥቶ የሚያይህ ማን ነው?» አሉን። ጥያቄያቸው ስላልገባን ምክንያቱን ጠየቅናቸው።

«አባባ፣ እርስዎን ማን ያይዎት ነበር?»

«በደብረ ብርሃን ሳለን» አሉ፣ «ልምምድ ስንወጣ አሠልጣኙ ከክፍሉ በስተኋላ ይቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔው ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከትምህርቱ በኋላ ጠርቶ፣ ‹የምታስተምረው ለፊተኛው ወንበር ብቻ ነው፤ የኋለኞቹ ካንተ ጋር አልነበሩም› አለኝ። ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ሁሉ ረስቻለሁ፤ ያን ቃል ግን እስከ ጡረታዬ ይዤው ኖርኩ።»

ያን ጊዜ ወተት ሻጯ ልጅ ትዝ አለችን። በገበያ የነበራት ዕውቀት በክፍላችን የት እንደ ጠፋ ሊነግረን የሚችል ሰው፣ ከክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ ያየን ሰው ብቻ ነው። ወርቃማ ማኅተም ያለውን ሰርተፊኬት የሸጠልን ድርጅት አንድ ቀን እንኳ ስናስተምር አላየንም። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ምርጫችን ቀለለ። የአገራችን ትምህርት ተቆጣጣሪ ቢኖረውም፣ ዘመኑ ከሥራችን ጋር አልገጠመም። በዐቅማችን ካለው የእንግሊዝ የርቀት ትምህርት ውስጥ ድንበር ተሻግሮ እስከ ጎልቦ የሚመጣ አላገኘንም። የኬንያው ግን የማስተማር ልምምዱን በዚያው በምንሠራበት ትምህርት ቤት እንድንፈጽምና መርማሪ መጥቶ እንዲያየን ያደርግ ነበር።

ስለ አባታችን የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ዝም ማለት አልተገባንም። በሞያሌ በዲሴምበር 2020 ሁለቱ መንግሥታት አንድ የጋራ የድንበር አገልግሎት ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። የጭነት መኪና የሁለቱን አገር ፍተሻ በአንድ ስፍራ ጨርሶ ያልፋል። ለመምህር ዲፕሎማ ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ ገና አልተሠራም። በእርግጥ በአፍሪካ አገሮች መካከል የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች እንዲታወቁ የሚያደርግ ስምምነት በ2014 በዚያው በአዲስ አበባ ጸድቆ፣ ከ2019 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በኢትዮጵያም በውጭ አገር የተገኘን ማስረጃ መርምሮ አቻነቱን የሚወስን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ። ስለዚህ ወረቀቱ በድንበሩ ላይ አይቀርም፤ ነገር ግን ባለቤቱ እያንዳንዱን በር ራሱ ማንኳኳት ይኖርበታል። ይህን ለአባታችን ባስረዳናቸው ጊዜ፣ «እንግዲያስ ከማንኳኳት አትስነፍ» ብለው መረቁን።

ማንኳኳቱ ቀላል አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ውጤታችን ተመርምሮ እስኪጸድቅ ብዙ ወራት አለፉ። ሁለተኛ የማስተማሪያ ትምህርታችን ፊዚክስ እንዲሆንልን ብንጠይቅም፣ በዲግሪያችን ውስጥ የወሰድናቸው የፊዚክስ ኮርሶች እንደማይበቁ ተነግሮን ተጨማሪ ኮርስ እንድንወስድ ተደረገ። በሦስት የዕረፍት ጊዜያት ባለቤታችን ልጁንና ቤቱን ብቻዋን ይዛ፣ እኛ በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ስንሄድ ኖርን። አንድ የፋሲካ በዓልም ከቤተ ሰባችን ተለይተን አሳለፍን። ይህን የምንጽፈው ለመመካት አይደለም፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍያ በደረሰኝ ላይ ከሚጻፈው ገንዘብ በላይ እንደ ሆነ ለማስታወስ ነው።

በመጨረሻው የልምምድ ወቅት መርማሪዋ መጡ። ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ አድረው ተጉዘው፣ ፊታቸውን ታጥበው በቀጥታ ወደ ክፍላችን ገቡና በስተኋላ ተቀመጡ። እኛም እንደ ልማዳችን አስተማርን። ከትምህርቱ በኋላ ማስታወሻቸውን ከፍተው ቁጥር አሳዩን። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሃያ ስድስት ጥያቄ ጠይቀን፣ ሃያ አንዱን ራሳችን መልሰናል። «ልጆቹ ለማሰብ ጊዜ አላገኙም» አሉን። የአባታችን ጠመኔ በዚያን ጊዜ ከእጃችን የወደቀ ያህል ሆነብን።

በማግስቱ እንደ ገና ተቀመጡ። ያን ዕለት በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፍን፤ የአንድ ጀሪካን ወተት ዋጋ በሺሊንግና የዕለቱ ምንዛሪ። ከፊሉን በብር የሚከፍል ደንበኛ ቢመጣ ምን እንደሚመለስለት ጠየቅንና ዝም አልን። ዝምታው ረዘመ፤ ለመናገርም አፋችን ብዙ ጊዜ ተከፈተ። በመጨረሻ ያች ልጅ ከወንበሯ ተነሥታ ጠመኔውን ተቀበለችን። ያሰላችበት መንገድ በመጽሐፋችን ውስጥ አልነበረም፤ ግን ትክክል ነበር። ጓደኞቿ እንድታስረዳቸው ጠየቋት፤ እርሷም አስረዳች። እኛ በዚያ ሰዓት ከመርማሪዋ አጠገብ ተቀምጠን ተማሪ ሆንን።

ዲፕሎማውን ከተቀበልን በኋላ የምዝገባ ቁጥራችን ወጣልን። ከርእሰ መምህራችንም ጋር ያለ ሐሳብ መነጋገር ጀመርን። በአገራችን የአቻነት ማረጋገጫ ለማግኘት ማስረጃዎቻችንን አስተርጉመንና አሟልተን ለማቅረብ በዝግጅት ላይ ነን። አባታችን በተሻገርን ቁጥር ነገሩ ከምን እንደ ደረሰ ሳይጠይቁ አያልፉም። የምንመለስበትን ቀን ገና ልንነግራቸው ስላልቻልን፣ በዚህ ረገድ ልባችን አላረፈም።

ለሌሎች ምክር እንድንሰጥ የተፈቀደልን እንደሆነ፣ በውጭ አገር እያስተማሩ ለመማር የሚያስቡ ወንድሞችና እኅቶች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት አራት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ የሚመዘግባቸው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደ ሆነ ለይተው፣ ከዚያው ከመሥሪያ ቤቱ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ትምህርቱን የሚሸጠው ሰው የሚናገረው አይበቃም። ሁለተኛ፣ ቀድሞ የያዙት ዲግሪ ስንት የማስተማሪያ ትምህርት እንደሚያስገኝላቸው ይወቁ። ሦስተኛ፣ የትምህርቱ ጊዜ ከሥራቸውና ከቤተ ሰባቸው ጊዜ ጋር መግጠሙን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይመልከቱ። አራተኛውም የአባታችን ጥያቄ ነው፤ ሲያስተምሩ መጥቶ የሚያያቸው ማን ነው?

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ምሳሌዎች እንመለስ። እኛ ዛሬ አንድ ዛፍ ወጥተናል፤ እርሱም ተማሪዎቻችን ያሉበት ነው። ሁለተኛውን ባላ ግን በአባታችን ግቢ ለመትከል ጉድጓዱን መቆፈር ጀምረናል።